ጥቁሯ ቡይክ ልትሸጥ ነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው? ለመጨረሻ ጊዜ ስንገናኝ ትንሿ ልጅህ ገና ትድህ ነበር፤ አሁን ኮሌጅ የምትገባበት ጊዜ ሳይቀርብ አይቀርም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔም ያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ በዚያችው ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ነኝ።

ከሌላው ነገር በፊት አንገቴን ያስደፋኝን ልናገር። የእናትህን የእማማን ማረፍ የሰማሁት በ2012 ነሐሴ ላይ ለፍልሰታ ቅዳሴ ቆሜ ነው (ዓመቱን ሁሉ የምጽፍልህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ማታ እደውልለታለሁ አልኩ። ማታ ቃል አጣሁ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ፤ ዐርባዋ ሲወጣ «አሁን ደውዬ ምን ልል ነው?» አልኩ፤ ሙት ዓመቷ ሲደርስ ደግሞ ድምፄን መስማት የምትፈልግ አልመሰለኝም። ጉለሌ እናንተ ቤት ስመጣ «በልተሃል?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ «እጅህን ታጠብ» ነበር የምትለኝ። የእሷን ለቅሶ አልደረስኩም። ምክንያት አልደረድርልህም። ይቅር በለኝ። ነፍሷን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ጥቁሯ ቡይክ ናት። ልትሸጥ ነው።

የትኛዋ ብለህ እንደማትጠይቀኝ አውቃለሁ። ዋሽንግተን፣ ኬ ስትሪት መኪና ማቆሚያው ውስጥ ስንሠራ ዓርብ ዓርብ ትመጣ ነበር። የመኪናዋ ባለቤት ሽማግሌው ያኔ ገና የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ቁልፋቸውን ከአንተ በቀር ለማንም አይሰጡም። እኔ በሩን እንድከፍትላቸው እንኳ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጋራዤን በ2006 ስከፍት ዘይት ለማስቀየር በዓመት ሁለት ጊዜ እኔ ዘንድ መምጣት ጀመሩ፤ በመጡ ቁጥርም «ያ ረጅሙ ልጅ ደህና ነው?» ይሉኝ ነበር። ከ2012 በኋላም «ደህና ነው» እላቸው ነበር፤ ሳላውቅ። በ2014 ዓይናቸው ደከመና መንዳት አቆሙ። ባለፈው ጥር አረፉ። ልጃቸው ከክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ ካርዴን አግኝታ ደወለችልኝ፤ «አባቴ ሌላ መካኒክ እንዳይነካት ብሎ ነበር፤ መጥተህ እይልኝ» አለችኝ። ቅዳሜ ሃያትስቪል ሄጄ ቀኑን ሙሉ ከመኪናዋ ጋር ዋልኩ።

ቁጥሮቹን በቃልህ የምትወጣቸው አንተ ነበርክ። የ1987 ቡይክ ግራንድ ናሽናል፤ 3.8 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦና የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ያለው፣ 245 የፈረስ ጉልበት። ባለ 8 ሲሊንደር ካልሆነ ሞተር እንደ ሞተር በማይቆጠርበት አገር፣ የዚያ ዓመት ባለ 8 ሲሊንደሩ ኮርቬት 240 ብቻ ነበረው። ይህን ለሌሎቹ ልጆች ስትነግራቸው ድምፅህን ከፍ አድርገህ ነበር፤ የራስህን ልጅ ውጤት የምታነብ ነበር የምትመስለው። በዚያ ዓመት የተሠሩት 20,193 ናቸው፤ ሁሉም ጥቁር። ጂኤንኤክስ የተባለችውና 276 የፈረስ ጉልበት ያላት እኅቷ 547 ብቻ ተሠርታለች፤ ሽማግሌው እሷን ተመኝተው 29,290 ዶላር ሲሏቸው ይህችን ይዘው እንደተመለሱ ስንቴ አጫውተውናል! በ1987 መጨረሻ የመጨረሻዋ ከሚሺጋን፣ ከፖንቲያክ ፋብሪካ ወጣችና ሥራው ቆመ።

አሁን ያየሁትን አንድም ሳልደብቅ ልንገርህ።

መጀመሪያ ትክክለኛዋ መሆኗን አረጋገጥኩ፤ ተራ ቡይክ ሪጋልን ጥቁር ቀብተው ግራንድ ናሽናል ነው የሚሉ ሞልተዋልና። የሻንሲ ቁጥሯ ስምንተኛው ቦታ ላይ 7 አለ፤ ያ የቱርቦው ሞተር ምልክት ነው። ዐሥረኛው ኤች ነው፤ 1987 ማለት ነው። ዐሥራ አንደኛው ፒ፣ ፖንቲያክ። ከኋላው ኮፈን ሥር የተለጠፈው ወረቀት ጠርዙ ቢጫ ቢሆንም ደብሊው ኢ 2 የሚለው የግራንድ ናሽናል መለያ ይነበባል። እሷው ናት።

ማይል ቆጣሪው 14,312 ይላል። አምስት አኃዝ ብቻ ስለሆነ መቶ ሺህ ዞሮ እንደሆነ በራሱ አይናገርም፤ ለ2010ና ከዚያ በፊት ለተሠሩ መኪኖች ደግሞ ሻጩ በሊብሬው ዝውውር ላይ ማይሉን የመሙላት ግዴታ የለበትም። እኔ ግን ከ2006 ጀምሮ በእጄ የጻፍኳቸው ደረሰኞች አሉኝ፤ ከዚያ በፊት ያሉትን ሽማግሌው በአንድ የጫማ ካርቶን በዓመት በዓመቱ አስረው አስቀምጠዋል። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ በጣቴ ዳሰስኩት፤ መስመሮቹ ገና አልለሰለሱም። ቁጥሩ እውነት ነው።

ጎማዎቹን ሳይ ግን ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ተንበርክኬ በጎማው ጎን ያለውን የምርት ቁጥር በመብራት ፈለግኩ፤ የሚያልቀው በሦስት አኃዝ ነው። ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ በአራት አኃዝ እንደሚያልቅ ታውቃለህ። አራቱም ከፋብሪካ አብረዋት የወጡት ጉድይሮች ናቸው። ለሰብሳቢ ሰው ይህ ወርቅ ነው፤ ለሚነዳት ሰው ግን ሞት ነው። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፤ ጎኑ ላይ ጥፍሬን ስጫነው ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለሽማግሌው ለውጡ እያልኩ ስንት ለምኛቸዋለሁ! አውጥቼ ጠቅልዬ አስቀምጣቸዋለሁ፤ በላዩ ላይ ማንም እንዲነዳ ግን አልፈቅድም።

ማስታወቂያ ላይ «ጥቂት ማይል» የሚለውን ሲያነቡ ሰዎች መኪናዋ ያልተጎዳች ይመስላቸዋል። ዐሥራ አንድ ዓመት መቆም ቀላል አይደለም። ታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ታንኩ ወርዶ መታጠብ፣ ነዳጅ ረጪዎቹም ወጥተው መጽዳት አለባቸው። የአየር ቱቦዎቹ ሳጥፋቸው እንደ ድርቆሽ ተሰበሩ። የኋላ ፓራውልቱንና ቦዲውን የሚያገናኘው ፕላስቲክ በአንድ በኩል ፈርሷል፤ ይህ የሁሉም በሽታ ነው፤ አዲስ ይሠራለታል። የጣሪያው ጨርቅ ከኋላ መንጠልጠል ጀምሯል።

ፍሬኗ ለብቻው ነው። አብዛኛው መኪና የፍሬን እገዛ የሚያገኘው ሞተሩ አየር በሚስብበት ኃይል ነው፤ ቱርቦ አየር እየገፋ ሲያስገባ ግን ያ መሳብ ይጠፋል። ስለዚህ ለእነዚህ ቡይኮች በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘይት ፓምፕ ሰጧቸው፤ ናይትሮጅን የታመቀባት ኳስ መሳይ ዕቃ ግፊቱን ታጠራቅማለች። ኳሷ ስትደክም ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ መኪናዋን ለማቆም ሁለት እግር ያስፈልጋል። የእኛዋ ደክማለች። ቁልፉን ከፍቼ ፔዳሉን ስረግጥ ፓምፑ ይነሣል፤ አያርፍም። ይህ ሳይሠራ ከግቢ አትወጣም፤ ለልጃቸውም ይህንኑ ነግሬያታለሁ።

ሞተሩን በጥንቃቄ ነው የቀሰቀስኩት። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምሬ ሁለት ሰዓት ተውኩት፤ ከዚያ በእጄ፣ በመፍቻ አዞርኩት። ዞረ። አልያዘም! ዘይቱን ቀየርኩ፤ የዚህ ዘመን ዘይት ዚንኩ ስለቀነሰ የድሮ ካምሻፍት ይበላልና ለአሮጌ ሞተር የሚሆነውን ነው ያደረግኩላት። ነዳጅ ከጄሪካን በቱቦ ሰጠኋት። በሦስተኛው ተነሣች። መጀመሪያ ጭስ፣ ከዚያ ያ ዝቅተኛ፣ ለስላሳ ማጉረምረም፤ ኮፈኑ ላይ እጄን አድርጌ ቆምኩ። ልጃቸው ከበረንዳው ሆና አፏን በእጇ ሸፈነች።

አንድ ነገር ቀረኝ። የየካቲት 2003ን በረዶ አልረሳህም። ሽማግሌው ከተማው ተዘግቶባቸው መኪናዋን አራት ቀን እኛ ዘንድ ተዋት። ከላይኛው ፎቅ ከመኪኖች የሚቀልጠው በረዶ ከጨውና ከኮንክሪቱ ኖራ ጋር በጣሪያው ስንጥቅ እየወረደ ኮፈኗ ላይ ሲንጠባጠብ አየህ። መኪናዋን እንዳታነሣ ከፊትና ከኋላ ተዘግታለች። ሄደህ እማማ ፈትላ ያሠራችልህን ጋቢ አምጥተህ ሁለት እጥፍ አድርገህ አለበስካት። አራት ቀን በሹራብ ብቻ ከረምክ። ሽማግሌው መጥተው ያንን ነጭ ጨርቅ ሲያዩ ያለቀሱትን አልረሳውም።

ቅዳሜ ኮፈኑን ጠርጌ በጎን በመብራት ሳየው፣ ከግራው መብራት አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ፣ ሳንቲም የምታህል የደበዘዘች ቦታ አለች። ጋቢው ከመድረሱ በፊት የወደቀችው ጠብታ ናት። ኖራው ቀለሙን በልቶታል። ሽማግሌው ሳንቲም ቆጥረው መኪና የሚያስወለውሉ ሰው አልነበሩም፤ ማስጠፋት ይችሉ ነበር። አላስጠፏትም። ይህች ቦታ እንዳትነካ እለምንሃለሁ።

ስለ ዋጋው። አንድ ነጋዴ የማይል ቆጣሪውን ፎቶ ብቻ አይቶ በስልክ 40,000 ዶላር አቅርቦላታል። ሳይነዳት ለሚያስቀምጣት ሰው ሊሸጣት ነው፤ ሙቀቱ በተመጠነ መጋዘን ቆማ ዋጋዋ እስኪጨምር የሚጠብቅ ሰው። ልጃቸው 45,000 ትፈልጋለች፤ ስለ አንተ ስነግራት ግን «ጋቢ ያለበሳት ልጅ ነው?» ብላ ነጋዴው ባለው ዋጋ ትስጥህ ዘንድ ተስማማች፤ እስከ ወሩ መጨረሻም ትጠብቅሃለች። ለዕቃ አራት ሺህ ያህል አስብ። ጉልበቱ የእኔ ነው፤ ገንዘብ እንዳታነሣብኝ።

አቅምህን አላውቅም፤ የቤት ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት እንዳለብህ ይገባኛል። ባትችል አይክፋህ። ብትችል ግን ለእሷም ያለህበት ቦታ ይስማማታል፦ ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ይህች ግን ስሱን አየር ራሷ አምቃ ትተነፍሳለች። ልጅ ሳለን ጣርማ በርን ሲወጡ ያየናቸውን ባለ ቱርቦ የጭነት መኪናዎች አስታውስ።

ባትገዛት እንኳ ከመሸጧ በፊት መጥተህ እያት። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እኔ እቀበልሃለሁ፤ የምታርፈው እኛ ቤት ነው፤ ባለቤቴ ከአሁኑ ክፍሉን እያሰናዳች ነው። እኔም አጠገብህ ተቀምጬ በእማማ ላይ ያላለቀስኩትን ላልቅስ።

የስልክ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ እናንተ ዘንድ ያኔ ገና አንድ ሰዓት ነው።

ያንተው ወንድም