ከዮኮሃማ የተላከ የምስጋና መልእክት

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ ሄድኩ። የደረሰብኝን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ጃፓናዊት ጎረቤቴን ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ እንደ ወትሮዬ እማማ እላቸዋለሁ። ሆስፒታል በመጡ በመጀመሪያው ቀን ትራሴ አጠገብ አንድ ቢጫ ፍሬ አኖሩ፤ ቆዳው ጎርበጥባጣ፣ ሽታው ከሎሚም ከመንደሪንም የተዋሰ። «ዩዙ ይባላል» አሉኝ። ቀጥለው ከቦርሳቸው ሲዲ ማጫወቻ አወጡና «ይህም ዩዙ ነው» ብለው ሳቁ።

ዩዙ በሚል ስም የሚዘፍኑትን የዩጂን ኪታጋዋንና የኮጂ ኢዋሳዋን ነገር ያወቅሁት እንዲህ ነው። ሁለቱ የዮኮሃማ አብሮ አደጎች እ.ኤ.አ. በ1996 ተጣምረው፣ ኢሴዛኪቾ በሚባለው የገበያ መንገድ፣ ማትሱዛካያ የተባለው ትልቅ መደብር ደጃፍ ላይ ማታ ማታ ጊታር ይዘው ይዘፍኑ ነበር። እማማም ከሥራ ሲመለሱ ቆመው ይሰሟቸው ነበር። ኦገስት 30 ቀን 1998 የመጨረሻውን የመንገድ ላይ ዝግጅት ሲያቀርቡ በዚያ ዝናብ 7,500 ያህል ሰው ተሰበሰበ። እማማ ከኋላ ያሉት እንዲያዩ ብለው ጃንጥላቸውን አጠፉ። «አጥንቴ ድረስ ራስኩ» ይሉና እጅጌያቸውን ይጨምቃሉ፤ ዛሬም ውሃው የሚንጠባጠብ ይመስላቸዋል። ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ! እኔም ስንት ጊዜ «እስቲ የዝናቡን ይንገሩኝ» እንዳልኩ!

በ2001 ሁለቱ ብቻቸውን ቶኪዮ ዶምን በሚያህል ስታዲየም መዝፈናቸውን ያጫወቱኝ እኔ ከአልጋዬ እስከ በሩ መራመድ ያቃተኝ ዕለት ነው። አላጽናኑኝም፤ ዝም ብለው ስለ ዘፋኞቻቸው አወሩ። ለዚህም አመሰግናለሁ።

የጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንኤችኬ የ2004ቱን የአቴንስ ኦሎምፒክ ያስተላለፈበትን ዘፈናቸውን ባሰሙኝ ቀን ግን ተራው የእኔ ሆነ። በ10,000 ሜትር ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ የቀረውን ኃይሌን እንዴት ዞር እያሉ እንደጠበቁት ነገርኳቸው፤ እንባዬም መጣ። ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ስንለማመድ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ እማማ ሦስት እርምጃ ቀድመው ዞር ይላሉ፤ እስክደርስባቸውም ይጠብቁኛል።

ሐኪሞቼ፣ ነርሶቼ፣ ቶኪዮና ዮኮሃማ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አገር ቤት ሆናችሁ የጸለያችሁልኝ ሁሉ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ስማችሁን ያልጠራሁት ረስቻችሁ አይደለም፤ ይቅር በሉኝ።

እማማ፣ ሲዲ ማጫወቻዎ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው። እሑድ በእግሬ አመጣዋለሁ።