ዋቱስ ስንት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ትንንሽ ጌሚንግ ላፕቶፖች የወጣውን ጽሑፍ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እውነቴን ነው። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ቀጭኑም ወፍራሙም አንድ ዓይነት ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) ስለሚይዙ ቀጭኑን የመረጠ ሰው ምንም አይቀርበትም ይላል። ኧረ በናታችሁ! የሚቀርበትማ አለ። እኔ ቀርቶብኛል፣ ያውም በገዛ ገንዘቤ።

እኔ ቀን ቀን ለአርክቴክቶች የሕንፃ ምስል እሠራለሁ። መሠረቱ እንኳን ያልተቆፈረ ሕንፃ ተጠናቆ፣ መስታወቱ ተወልውሎ፣ በሩ ላይ መኪና ቆሞ ታያላችሁ አይደል? እሱን ነው። ማታ ደግሞ ጌም እጫወታለሁ። ለሁለቱም ጉልበት ያለው ካርድ ያስፈልጋል። ሥራዬ ቦሌ፣ ቤቴ አያት ነው። መኪና የለኝም። ስለዚህ ላፕቶፔ ከእኔ ጋር ታክሲ ይሰለፋል፣ ከእኔ ጋር ይጋፋል፣ ክረምት ሲመጣም አብሮኝ ዝናብ ይመታዋል።

የመጀመሪያው ላፕቶፔ ወፍራም ነበር፣ ባለ 15.6 ኢንች። ወረቀቱ 2.5 ኪሎ ይላል። ሁለት ኪሎ ተኩል ሲባል ምንም አይመስልም፣ ከጉልት ሽንኩርት ገዝቶ እንደመግባት ነው። አንድ ቀን መገናኛ ጋ ሚዛን ይዞ መንገድ ዳር የተቀመጠ ልጅ አየሁና ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ወጣሁበት። ከዚያ ቦርሳውን አውርጄ እንደገና ወጣሁ። ልጁ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፍሉት» አለኝ። ከፈልኩት። ልዩነቱ አምስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው! ላፕቶፑ ሁለት ተኩል፣ ቻርጀሩ ብቻውን አንድ ኪሎ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ከሥር የሚደረገው ማራገቢያ፣ ማውሱ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ምሳ ዕቃዬም አለ እንግዲህ። ለመሆኑ የቻርጀሩን ክብደት የሚጽፍ ማነው? ማንም። 230 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ማለት እኮ ብሎኬት በሉት። ማታ በታክሲ ስመለስ ጭኔ ላይ አድርጌው አጠገቤ የተቀመጡ እናት በክርናቸው ነካ አድርገውት «ልጄ፣ ድንጋይ ነው እንዴ?» ብለውኛል። ምን ልበላቸው።

አንድ ዓመት እንዲህ ተሸክሜው ትከሻዬ እምቢ አለ። ሸጥኩትና ቀጭን ገዛሁ።

አሁን ነው እንግዲህ ወሬው። ባለ 14 ኢንች፣ 1.6 ኪሎ፣ ሲያዩት ዓይን ውስጥ የሚገባ። የተለጠፈበት ወረቀት አርቲኤክስ 4070 ይላል፣ የግራፊክስ ካርዱ ስም ነው። ሻጩን «ጉልበቱስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ያው ነው፣ ወፍራሙ ላይ ያለው ካርድ ነው» አለኝ። የሻጩንም የአምራቹንም ስም ትቼዋለሁ፣ ጸብ አልፈልግም። ሥራ ቦታ ወስጄ አንድ የአፓርታማ ፋይል ከፈትኩበት። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ወፍራም ላፕቶፕ አለው፣ ካርዱ 4060 ነው፣ በስም ከእኔ ያነሰ ማለት ነው። ያንኑ ፋይል ወደ ምስል እንዲቀይሩት እኩል አስጀመርን። የሱ 11 ደቂቃ ፈጀ። የኔ 13 ደቂቃ አልፎትም ገና ይቆጥራል። ልጁ ምንም አላለም፣ ሻይ ሊያመጣ ወጣ። እንደዛ ያናደደኝ ነገር የለም።

ማታውኑ የካርዱን አምራች የኤንቪዲያን ኮንትሮል ፓነል ከፍቼ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለው ውስጥ ገባሁ። ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር የሚል መስመር አለ፣ ካርዱ ቢበዛ የሚጠጣው ኃይል ማለት ነው፣ የናንተንም እዩት። የኔ 50 ዋት ይላል። ለላፕቶፕ 4070 በኤንቪዲያ የተፈቀደው ከ35 እስከ 115 ዋት ነው። እስቲ አስቡት፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ካርዶች በዋት ከሦስት እጥፍ በላይ ሊራራቁ ይችላሉ ማለት ነው። ሁለት ሚኒባስ ታክሲ አንድ ዓይነት ሞተር ይኑራቸው፣ ለአንዱ ነዳጅ እንደ ልቡ ይቀዳለት፣ ሌላው በጭልፋ ይሰጠው እንደማለት ነው። ሽቅብ ላይ ነው የሚለዩት። ከዴስክቶፑ ጋርማ ባናነጻጽረው ይሻላል። የዴስክቶፑ 4070 200 ዋት ይጠጣል፣ 12 ጊጋ የካርድ ሜሞሪ አለው፣ የላፕቶፑ 8 ጊጋ ነው፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ራሱ ሌላ ነው። የሚመሳሰሉት በቁጥሩ ብቻ ነው።

ድሮ ትንሽ ይሻል ነበር። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2017 ማክስ-ኪው የሚል ነገር አመጣና ለቀጭን ላፕቶፕ ተብሎ ዋቱ የተቀነሰ ካርድ ከስሙ ኋላ ያ ቃል ይቀጠልበት ነበር። ሰው አይቶ ይለያል። በ2021 ቁጥራቸው በ30 የሚጀምረው ካርዶች ሲመጡ ያ ቅጥያ ከካርዱ ስም ላይ ተነሳ፤ አምራቾቹ ዋቱን ድረ ገጻቸው ላይ እንዲጽፉት ነው የተባለው። እሺ፣ ድረ ገጹ ላይ ይጻፍ። እዚህ ላፕቶፕ ሲሸጥ ግን ድረ ገጽ የሚከፍት ማነው? ወረቀቱ ላይ ያለው ስሙና ዋጋው ነው። መረቁን ጨልፎ ሥጋውን ድስት ውስጥ ማስቀረት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ግን ቀጭን ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ቺፕን በጣም ባፈጠኑት ቁጥር የሚፈልገው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ የሚበላው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ብሶ ያድጋል። ስለዚህ ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) እጥፍ አይሆንም፣ የመጨረሻዎቹ ዋቶች ሙቀቱን እንጂ ፍሬሙን ብዙም አይጨምሩም። ጎበዝ መሐንዲስ እዚህ ጋ ነው የሚጫወተው። ኤሌንዌር የሚባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2010 ኤም11ኤክስ የሚባል ባለ 11.6 ኢንች ጌሚንግ ላፕቶፕ አውጥቶ ነበር። ስክሪኑ የደብተር ያህል፣ ክብደቱ ግን ሁለት ኪሎ። በ2020 ኤሱስ ዜፊረስ ጂ14 ያለውን ባለ 14 ኢንች ሲያመጣ 1.6 ኪሎ ላይ 65 ዋት የሚጠጣ 2060 የሚባል ካርድ ነበረው (ካሜራ አልነበረውም፣ እሱን ቆጥበዋል)። የ2024ቱ ጂ14 ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ሆኖ 4070ውን 90 ዋት ያጠጣዋል። ልብ በሉ፣ እኔ 50 ያገኘሁበት ካርድ ነው፣ ከኔው በቀለለ ላፕቶፕ ላይ። ቀጭንነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግሩ እኔም ዝም ባልኩ።

አሁን ደግሞ ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው ነገር ላንሳ። ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ባቄላ ማብሰል ለምን ሰዓት እንደሚፈጅ እናቶቻችን ያውቁታል። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የላፕቶፕ ማራገቢያ የቱንም ያህል ይሽከርከር፣ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ሲሳሳ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። ዩቲዩብ ላይ 80 ዲግሪ አለ ብለው የሚያሳዩአችሁ ቁጥር ዝቅ ያለ ከተማ ውስጥ የተለካ ከሆነ እዚህ ከዚያ ይበልጣል ብላችሁ ጠብቁ። ወፍራሙ ሰፊ መተንፈሻ ስላለው ይችለዋል። ቀጭኑ ግን መጀመሪያም በአፍንጫው ብቻ ነው የሚተነፍሰው። የኛ ከተማ ብርዱ ትንሽ ያካክሳል፣ እሱን አልክድም፣ ሐምሌ ላይ የኔ ላፕቶፕ ጨዋ ነው። መጋቢት ላይ ግን ያንን የግንባታ አቧራ ስቦ ሲያበቃ ድምፁ ወፍጮ ቤት ነው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ «አንተ፣ ይሄ ነገር ሊፈነዳ ነው እንዴ?» ብላኛለች። በየስድስት ወሩ ከፍቼ በብሩሽ አጸዳዋለሁ፣ ልዩነቱ በጆሮ ይታወቃል።

መብራትም አለ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ አይጠፋም፣ ዴስክቶፕ ይጠፋል፣ የሦስት ሰዓት ሥራ ይዞ። እኔ ይሄ ሁሉ ሆኖ ከላፕቶፕ የማልወጣው በዚህ ነው። ግን በባትሪ ጌም መጫወት የሚባለውን ነገር ሒሳቡን ሥሩት። የኔ ባትሪ 76 ዋት ሰዓት ነው። ጌም ሲከፈት ጠቅላላው 60 ዋት ከጠጣ ሰዓት ከሩብ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ወፍራሙም ብዙ አይበልጠውም። አውሮፕላን ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዝ ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ አምራቾቹ 99 ላይ ይቆማሉ። በዚያ ላይ ገመዱ ሲነቀል ካርዱ ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል። እኔ መብራት ሲሄድ ፍሬሙን 30 ላይ አስሬ ኳስ እጫወታለሁ፣ ይበቃኛል።

ራምን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ሜሞሪ) በተመለከተ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ፣ ይሄ ለኛ አገር ሰው ከዋቱ የማይተናነስ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ቅድም ያመሰገንኩት የ2024ቱ ጂ14 ራሱ እንደዛ ነው። የቀደሙት ጂ14ዎች ግማሹ ተበይዶም አንድ ክፍት ቦታ ነበራቸው። እኛ እኮ 8 ጊጋ ገዝተን፣ ደሞዝ ሲመጣ 8 ጨምረን፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ 32 እናደርጋለን ብለን ነው የምንገዛው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሙሉ ላፕቶፕ መቀየር የሚችለው ማን ነው? የተበየደ ራም ከተበላሸ ጠጋኙ ቦርዱን ገልብጦ አይቶ፣ መልሶ ይሰጣችኋል። ወፍራሙ ሁለት ክፍት ቦታ አለው፣ ሁለት ሃርድ ዲስክም ይችላል። ስለ ወፍራም ጥሩ ነገር ተናገር ከተባልኩ ከዋቱ በፊት ይሄንን ነው የምናገረው።

እንግዲህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ላፕቶፕህ ከጠረጴዛ ካልተነሳ ቀጭን አትግዛ፣ የማትሸከመውን ቅለት ነው የምትገዛው፣ በዚያው ገንዘብ ወፍራም ግዛና ቀሪውን ራም ላይ አውለው። እንደኔ በታክሲ የምትመላለስ ከሆንክ ባለ 14 ኢንች ግዛ፣ ግን ትልቅ ስም ያለው የተራበ ካርድ ከምትይዝ ስሙ አነስ ያለ የጠገበ ካርድ ይሻልሃል። 90 ዋት የሚያገኝ 4060 የኔን ባለ 50 ዋት 4070 እያየኸው ያልፈዋል። ስቲም ዴክን የመሰሉ በእጅ የሚያዙትን አትርሳ የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ከ700 ግራም በታች ነው፣ ለጌም ብቻ ከሆነ ልክ ናቸው። እኔ ግን የአርክቴክት ሕንፃ በሱ አልሠራም።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። በየወሩ የምታወጡት የላፕቶፕ ዋጋ ሰንጠረዥ ላይ የካርዱ ዋት የሚል አንድ አምድ፣ ከነቻርጀሩ ክብደት የሚል ሌላ አምድ ጨምሩበት። ቦታ ከጠበባችሁ የቀለሙን አምድ አውጡት። ጥቁር መሆኑን እናውቃለን።

እኔ በበኩሌ ያንን ላፕቶፕ እየሸጥኩት ነው፣ ለገዢውም ዋቱን ነግሬዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ነሐሴ ላይ ስለሚመጣ ሌላ እንዲያመጣልኝ አስቸግሬው፣ ሲገዛ ሁለት ነገር እንዲያይልኝ ጻፍኩለት፣ ክብደቱን ከነቻርጀሩ እና ዋቱን። ትናንት ፎቶ ላከልኝ። ላፕቶፑንና ቻርጀሩን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ደርቦ አስቀምጦ ነው ያነሳው፣ 4.9 ይላል፣ በፓውንድ መሆኑ ነው፣ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ገደማ። ከሥሩ «ቀላል ነው፣ ካርዱም 4070 ነው!» ብሎ ጽፏል። ዋቱን አልጻፈም። ደግሜ ጽፌለታለሁ።

አክባሪያችሁ
ከአያት፣ አዲስ አበባ