ጃኬትህ ኪስ ውስጥ ስለተገኘው ነገር

ልጄ ማሙሽ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፤ ያው የክረምቱ ብርድ ነው።

ለፋሲካ መጥተህ ረስተኸው የሄድከውን ጃኬት ልታጥብ ስትል ኪሱ ውስጥ የሲጋራ ፓኬት አገኘች። «አንተ ንገረው፣ እኔ ከጀመርኩ አለቅሳለሁ» አለችኝ። በስልክ ሁለቴ ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ። ይኸው በደብዳቤ መጣሁብህ።

ልቆጣህ ፊት የለኝም። እዚሁ ፒያሳ፣ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሆነህ፣ «ሮጥ በልና አንድ ሲጋራ አምጣልኝ» እያልኩ የምልክህ እኔው ነኝ። ስትሄድ ሳንቲሙን ጨብጠህ፣ ስትመለስ ሲጋራዋ እንዳትሰበር በሁለት ጣትህ ይዘህ። ዛሬ ቢሆን ባለሱቁም ይጠየቅ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥ ከልክሏል። እኔ ከተውኩት 11 ዓመት ሆነኝ። ሐኪሙ «ካቆሙ ከ10 ዓመት በኋላ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድልዎ፣ ማጨሱን ከቀጠለ ሰው ግማሽ ገደማ ይሆናል» ሲለኝ ደስ አለኝ። ስለ ቀሪው ግማሽ ግን አልጠየቅኩትም።

የአንተ ከእኔ ይከፋል። እኔ ወርቅ ቤት ተቀምጬ ነው ያጨስኩት። አንተ ጉጂ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነህ። ወርቁ ያለበት ያ ነጭ ድንጋይ፣ ኳርትዝ የምትሉት፣ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ነው። ሲሰረሰርና ሲፈጭ የሚቦነው ዓይንህ የሚያየው አቧራ አብዛኛው አፍንጫህ ላይ ይቀራል፤ ትናፈጠዋለህ። የማይታየው ነው ክፉው። እሱ የሳንባህ ጥግ ድረስ ገብቶ እዚያው ይቀራል፣ ጠባሳ ይሠራል። ሲሊኮሲስ ይሉታል፤ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ለቲቢም ያጋልጣል። ካንሰር አምጪነቱንም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የናፍጣ ሞተር ጭስን ጨመረበት። እና ያቺን ጄኔሬተር ከጉድጓዱ አፍ አርቋት፣ እባክህ።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልህ። ጀርመን አገር ሽኔበርግ የሚባል የማዕድን ከተማ አለ። የዚያ ቆፋሪዎች ለብዙ ዘመን ስሙ በውል ባልታወቀ የሳንባ በሽታ ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 ሁለት ሐኪሞች የሳንባ ካንሰር መሆኑን ጻፉ። ዋናው ጥፋተኛ ራዶን እንደሆነ የታወቀው ቆይቶ ነው፤ ከድንጋይና ከአፈር የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ጨረር ያለው ጋዝ። አየር በማይዘዋወርበት ጉድጓድ ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በራዶን ሳቢያ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ለሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው 25 እጥፍ ይሆናል። ሃያ አምስት!

የሲጋራው ተንኮል ምን መሰለህ? በአየር ቧንቧችን ውስጥ ቆሻሻውን ወደ ላይ ጠርገው የሚያወጡ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ጭሱ እነሱን ያሽመደምዳቸዋል። አቧራው ይገባል፣ ጠራጊው ግን የለም።

ስለ መጥረግ ካነሳን፣ እናትህ ወለሉን ውሃ ሳትረጭ ጠርጋ ታውቃለች? ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ሰፈሩ አቧራ ብቻ በሆነ ጊዜ በራችን ላይ ጠዋት ማታ ስትረጭ ነበር። እናንተም ድንጋዩን እያረጠባችሁ ሰርስሩ፣ እያረጠባችሁ ፍጩ። ውሃ ማመላለሱ ሥራ እንደሚያበዛ አውቃለሁ። አፍ ላይ ሻሽ ማሰር ደግሞ ለወጉ ነው፤ ያንን ደቃቅ ብናኝ አያስቀርም። የማኅበራችሁን ልጆች አስተባብርና ኤን 95 የሚባለውን ጭንብል ግዙ። ፊት ላይ ልክክ ካላለ ጥቅም የለውም፤ ስለዚህ ያን ጢምህን ተላጨው። እናትህም ደስ ይላታል።

አብሮኝ ወርቅ ይሠራ የነበረውን፣ ከረሜላ ይሰጥህ የነበረውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ? እሱም እንደኔው አጫሽ ነበር። ሳል ያዘው፤ አንድ ጤና ጣቢያ ቲቢ ነው ብለው ወራት መድኃኒት አስዋጡት። ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ መሽቶ ነበር። ሳል ሦስት ሳምንት ካለፈህ ወይም አክታህ ላይ ደም ካየህ፣ የት እንደምትሠራና ማጨስህን ለሐኪሙ ራስህ ንገረው። ካልጠየቀህም ንገረው።

ለደመራ ስትመጣ የደረት ራጅ እንነሳለን። ሁለታችንም። ቀጠሮውን እኔ እይዛለሁ።

ጃኬትህ ታጥቦ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ፓኬቱ እኔ ጋ ነው። አሥራ አራት ቀርተውበታል፤ ቆጥሬያለሁ። አላጨስኩም፣ አሸተትኩት ብቻ።

አባትህ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ