«ተመቸሽ» አትበሏት

ለአዘጋጁ፤

ስለ መጠጥ ሱስ ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ማኪያቶ እየጠጣሁ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ስለ ኪሎ አንድም ቃል የለበትም። (ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ ተቀምጬ መሆኑ ይግረማችሁ።)

እህቴ መጠጥ ስታቆም ጣፋጭ አላስችል አላት። ሻይዋ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከረሜላ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሄ የተለመደ ነው፤ ያኔ ግን የነገረን አልነበረም። የታከመችበት ክሊኒክ ሚዛን ላይ ያወጣት የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር የቀሚሷ ዚፕ አልዘጋ አለ። ፒያሳ ያገኛት ሁሉ «ተመቸሽ አይደል!» ይላታል። በዚያው ሰሞን ያቆመው ጎረቤታችን ሲወፍር ግን «አማረብህ፣ ሰው ሆንክ» ተባለ። እሱ ኮራ። እሷ ምሳ መዝለል ጀመረች። ረሃብ ደግሞ የመጠጥ አምሮትን ይቀሰቅሳል። አንድ ማታ ጠጥታ ገባች።

የሴት ሰውነት በአብዛኛው ከወንድ ያነሰ ውሃ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ኪሎዋ ከወንዱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ያው ሁለት ጠርሙስ ቢራ እሷ ደም ውስጥ የሚተወው አልኮል ይበልጣል። ጉበቷም ቶሎ ይጎዳል። ባዶ ሆድ ሲጨመርበት አስቡት።

ሐኪሞቻችን በየቀጠሮው «ምን በላሽ? ስለ ኪሎሽ ምን ይሰማሻል?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይከብዳል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እህቴ እንደገና አቁማለች፤ አምስተኛ ሳምንቷ ነው። ቁርሷን እኔ አቀርባለሁ። ቀሚሷንም ልብስ ሰፊ ጋ ወስደን አሰፋነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ