ሐላ ሹሩባ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ቅዳሜ የምግብ ዓምዳችሁ ላይ፣ አይሁዶች ለሰንበት ስለሚጋግሩት ጉንጉን ዳቦ፣ ስለ ሐላ፣ «ሐላ በዕብራይስጥ ሹሩባ ማለት ነው» የሚል አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ለገጣፎ መውጫ ላይ በትእዛዝ ዳቦ እጋግራለሁ። የሹሩባ ዳቦ የሚያዙኝ ደንበኞች ይህንኑ ይዘው መጥተው ያስረዱኝ ጀምረዋል።

ጎንደር ወለቃ አብራኝ ያደገች ቤተ እስራኤል ጓደኛ አለችኝ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከተወሰዱት አንዷ ናት። ዛሬም ለሰንበቷ የምትጋግረው የእናቷን ክብ ዳቦ ነው። ባለፈው ዓርብ ቀን ደውላ ስልኩን ወደ ቡኮው አስጠጋችልኝ። ሎሚ የምታህል ቆንጥራ ለየች፣ ጸሎት አደረሰች፣ ከዳቦው በፊት ምድጃ ውስጥ ከትታ አሳረረቻት። «ሐላ ማለት ያቺ ናት» አለችኝ። ዘኍልቍ 15፥20 ከሊጣችሁ መጀመሪያ አንሡ የሚለው እሷኑ ነው። ድሮ ለካህን ትሰጥ ነበር። የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት መጠኗን ሲወስኑ ለቤቱ የሚጋግር ከ24 አንድ እጅ፣ ለገበያ የሚጋግር ከ48 አንድ እጅ ይለይ አሉ። እኔ 12 ኪሎ ቡኮ ቢኖረኝ 250 ግራም መሆኑ ነው። ለሻጭ ማዘናቸው ልቤን ነካው።

ጉንጉኑ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም፣ ጀርመንና ኦስትሪያ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩ አይሁዶች ነው። የቁራሿ ስም ለሙሉ ዳቦው ሆነ።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን የራሳችን ቃል መረሳቱ ነው። ዘሌዋውያን 2፥4ን ገልጣችሁ እዩ። ዕብራይስጡ «ሐሎት» (የሐላ ብዙ ቁጥር) ያለውን የእኛ ተርጓሚዎች «እንጎቻ» አሉት። እርሾ ያልገባበት፣ በዘይት የተለወሰ ቂጣ ነው፤ ማን ይጎነጉነዋል? እናቴ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ የቡሃቃውን ጠርዝ በጣቷ ጠርጋ፣ የተረፈችውን ሊጥ ምጣዱ መሐል መዳፍ አሳክላ ታፈሳትና በትኩሱ ቅቤና በርበሬ ቀብታ ትሰጠኝ ነበር። ያቺ ናት እንጎቻ። የእኛዋ ከሊጡ መጨረሻ፣ የእነሱዋ ከመጀመሪያው ትነሣለች፤ ሁለቱም ግን ከጋገራው ለሌላ ሰው ተለይተው የሚወጡ ናቸው። ተርጓሚዎቹ ይህን ቃል ሲመርጡ እናቶቻቸው ምጣድ አጠገብ ተቀምጠው ያደጉ ይመስለኛል።

እባካችሁ ዓምዱን አርሙልኝ፣ «እንጎቻ» የምትለዋም ትግባበት። እኔ የትእዛዝ ደብተሬ ላይ «ሐላ» ብዬ የጻፍኩትን ሰርዤ «ሹሩባ ዳቦ» ብያለሁ።

ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ከለገጣፎ