እምዬ፣ ፍሬዎቹን በባዶ ሆድ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ዘጌ

እምዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ሳሉስ ቀነስ አለልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሌሊቱን ተረኛ ነበርኩ፤ ይህን የምጽፍልሽ ባሕር ዳር ጎሕ ሲቀድ ነው። እህቴ ጮክ ብላ ታንብብልሽ።

የቲቢውን መድኃኒት ጾም እስክትፈቺ አቆይተሽ ከእንጀራ ጋር እንደምትውጪው ነገረችኝ። ጎረቤታችን 4 ፍሬ ሲውጡ ለአንቺ 3 መሰጠቱም ከንክኖሻል አሉ። 3 የሆነው በኪሎሽ ነው፤ ከ40 እስከ 54 ኪሎ ለሚመዝን ልኩ ይኸው ነው። በየወሩ ሲመዝኑሽ ጋቢሽንና ጫማሽን አውልቂ።

ያስጨነቀኝ ከምግብ ጋር መዋጥሽ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍላችን ውስጥ እንዳንቺው የሐይቅ ዳር ሰው የሆኑ አባት ተኝተዋል። ቲቢው ጠንቶባቸው በማሽን ነው የሚተነፍሱት። መዋጥ ስለማይችሉ ክኒኑን ፈጭተን፣ በውኃ በጥብጠን፣ በአፍንጫቸው በገባው ቱቦ እንሰጣቸዋለን። ምግባቸውም በዚያው ቱቦ ስለሚገባ ለመድኃኒቱ ስንል እናቋርጠዋለን፤ ክኒኑ ውስጥ ካሉት 4 መድኃኒቶች ሁለቱ፣ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ፣ ምግብ ካገኛቸው ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳልና። ይህን ሁሉ አድርገንም እንዲህ የታመመ ሰው አንጀት ይዝላል፤ ከሰጠነው ምን ያህሉ ደማቸው እንደደረሰ በዓይን አይታይ። በደም ሥር የሚሰጥ ሪፋምፒሲን በዓለም አለ፣ እኛ እጅ ግን የለም። ይህ ያንገበግበኛል።

ኪሎአቸውንስ በምን እንወቅ? ሰውነታቸው ውኃ ቋጥሮ አብጧል። ከሕመሙ በፊት ስንት ይመዝኑ እንደነበር ባለቤታቸውን ብጠይቃቸው፣ «ጆንያ ቡና ብቻውን ያነሳ ነበር» ብለው አለቀሱ።

ቀጥሎ ኩላሊታቸው ደከመ። ኩላሊት ሲደክም የቀሩት ሁለቱ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል፣ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ኢታምቡቶል ሲበዛ ደግሞ ዓይን ይጎዳል። ቢሆንም የአንዱን ጊዜ ልክ አልቀነስንም፤ ካነሰ በሽታውን የሚመታ ጉልበት ያጣል። የእነዚህን የሁለቱን ሙሉ ልክ በሳምንት 3 ቀን አደረግነው፤ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ በየቀኑ ቀጠሉ። ጉበታቸውን ደግሞ በደም ምርመራ እንከታተላለን፤ ከ4ቱ 3ቱ ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ።

እምዬ፣ የአንቺ አንጀት ጤነኛ ነው። ለእሳቸው በስንት ድካም የምናደርገውን አንቺ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ታደርጊዋለሽ። ማለዳ፣ ምንም ሳትቀምሺ ዋጪና ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ብዪ። ጾሙን ለነፍስ አባትሽ አማክሪ፤ በሽተኛ እንዲጾም እንደማይገደድ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ሽንትሽ ቢቀላ አትደንግጪ፣ የሪፋምፒሲኑ ቀለም ነው። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ትውከት ካልተወሽ ወይም እይታሽ ከደበዘዘ ግን ቀኑን ሳታሳልፊ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ለእኔም አስደውዪልኝ።

ቅዳሜ በጀልባ እመጣለሁ። ሚዛን ይዤ ነው የምመጣው።

ልጅሽ