ግራሞፎን ሁሉንም ሸክላ አያጫውትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እዚህ አዳማ አንድ ካፌ አሮጌ ግራሞፎን አስጠግኖ ለእንግዶቹ እንደሚያጫውት የጻፋችሁትን አነበብኩ። ጡሩምባው ተወልውሎ፣ መዘወሪያው ቦታውን ይዞ ሳይ ደስ አለኝ፤ የጠገነው ሰው ሥራውን ያውቃል። ፎቶውን ጠጋ ብዬ ስመለከተው ግን ደሜ ፈላ። የተቀመጠችበት ሸክላ ትንሽ ናት፤ መሐሏ በሰፊው የተበሳ፣ ቀዳዳውን የሚያጠብብ ቢጫ ፕላስቲክ የገባባት። ይህች በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞር የፕላስቲክ ሸክላ ናት። በ1960ዎቹ አምሃ ሪከርድስ የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ ያወጣቸው ዘፈኖች የታተሙት በእንዲህ ዓይነቷ ላይ ነው። ግራሞፎን ላይ ምን አወጣት?

ዕድሜዬን ሰዓትና ራዲዮ ስጠግን ኖሬአለሁና ምክንያቱን ልናገር። ባለ መዘወሪያው ግራሞፎን ድምፅ የሚያጎላ ኤሌክትሪክ የለውም፤ የድምፁን ጉልበት ሁሉ የሚያገኘው ከመርፌው ንዝረት ነው። ስለዚህ መርፌውን የያዘው ራስ ከ100 ግራም በላይ ሆኖ ሸክላውን ይጫነዋል። የኤሌክትሪኩ ማጫወቻ የሚያሳርፈው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። የብረት መርፌ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ፕላስቲክ ላይ ሲሄድ ማረሻ ነው። ከጨዋታው በኋላ የሚቀረው ብናኝ የአዳማ አቧራ እንዳይመስላችሁ፤ የተፋቀው ዘፈኑ ነው። የካፌው ሰው ፍጥነቱን ከግራሞፎኑ 78 ዙር ወደ 45 ዝቅ ማድረጉን አልጠራጠርም፤ ክብደቱን ግን ምን ያደርገዋል? ለትንንሾቹ ሸክላዎች የኤሌክትሪክ ማጫወቻ ይግዛላቸው። ባለ 78 ሸክላ ካላገኘ ግራሞፎኑ ዝም ብሎ ቢቆምም ያምራል።

የግራሞፎኑ ሸክላ፣ ባለ 78ቱ፣ ሌላ ነው። ላክ ከምትባል ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ፣ ሲወድቅ እንደ ሳህን የሚሰበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀርመን አገር ያስቀረጿቸው የዚህ ዓይነት ናቸው። የድንጋይ ዱቄቱም የራሱ ሥራ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች መርፌውን ሞርዶ ድምፁ በተቀረጸበት ቦይ ልክ ያስተካክለዋል። ማለቅ ያለበት መርፌው ነው፤ ስለዚህ አንድ ገጽ ባለቀ ቁጥር ይቀየራል። ሦስት ደቂቃ ዘፈን፣ አንድ መርፌ። ይህን ስነግራቸው መርፌ ልሸጥላቸው የፈለግሁ የሚመስላቸው ደንበኞች አሉ፤ ምን ይደረጋል። የልብስ ስፌት መርፌ ቆርጠው የሚሰኩም አጋጥመውኛል። ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ ቁጠባው ሸክላውን ያስከፍላል።

ሌላው የማጽዳት ነገር ነው። የአባታቸውን ሸክላ ይዘው መጥተው «በአልኮል አጽድቼዋለሁ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ባለ 78ቱን አልኮል ያሟሟዋል፤ አረቄም ሳኒታይዘርም ያው ነው። መልኩ ይደበዝዛል፣ ድምፁ ይሻክራል። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ አጠራረጉም ቦዩን ተከትሎ በክብ ነው። መሐል ላይ ያለውን ወረቀት ውሃ አይንካው። ሲደርቅ በቁሙ ይቀመጥ እንጂ አይደራረብ፤ በእኛ ከተማ ሙቀት ደግሞ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይተው።

የሰዓትና የራዲዮ ጠጋኝ
ከአዳማ